በብርሌ ውስጥ የታሰሩት መርከቦች

ልጄ ረድኤት ያን ጊዜ አምስት ዓመቷ ነበር። አባቷን ልንሸኝ ወደ ሐይቁ ወርደናል። ጀልባው ከዳር ተነሥቶ እየራቀ ሄደ። እሷ እጄን ይዛ ስታይ ቆየችና፣

«እማዬ፣ ጀልባው ለምን አነሰ? አባዬም አብሮ አነሰ እንዴ?» አለችኝ።

«ርቆ ነው እንጂ አላነሰም» አልኳት።

አላመነችኝም። ቤት እስክንደርስ አለቀሰች። ለራት ሽንኩርት ስልጥ ቀሚሴን ይዛ አልለቅ አለች። ሁለቱ ታናናሾቿም እሷን አይተው ለቅሶ ጀመሩ። እኔ ከአራተኛ ክፍል በላይ አልተማርኩም፤ የራቀ ነገር ለምን ትንሽ እንደሚመስል ማስረዳት አልችልም። ተረት ግን አላጣም። ሽንኩርቴን እየላጥኩ ይህን አወራኋቸው።

«ተረት ተረት!»

«የመሠረት!»

«የሰማ ያቆየው፣ ያልሰማ ይጠጋ።»

በድሮ ጊዜ፣ በባሕር ዳርቻ፣ ዛፍ የማይበቅልበት አንድ አገር ነበር። መሬቱ ጨው ነው። ነፋሱ ጨው ነው። የሚጠጣ ውኃ ያለው ጉድጓድ በአገሩ አንድ ብቻ ነበር። ከዚያ ጉድጓድ እየቀዳች ለመርከበኞች ውኃ የምታድል አንዲት ሴት ነበረች። ስሟ እማዋይሽ ነው።

እማዋይሽ እናትና አባቷ የሞቱባት ገና በልጅነቷ ነበር። አንዳርጌ የሚባል ሕፃን ወንድም ትተውላት ሞቱ። እሱን በጀርባዋ አዝላ፣ እንስራውን በራሷ ተሸክማ አሳደገችው። እሱም አፉን ሲፈታ «እታለም» አላት። ታላቅ እኅት በስሟ አትጠራምና ሲያድግም «እታለም» እንዳላት ቀረ።

የዚያ አገር መርከበኞች አንድ ልማድ ነበራቸው። ባሕር ላይ ስም አይጠሩም። ባሕር የሰው ስም ከሰማ አይረሳም፣ አንድ ቀን ጠርቶ ይወስደዋል ብለው ይፈራሉ። ስለዚህ መርከብ ላይ ከመውጣታቸው በፊት ስማቸውን የብስ ላይ ትተው ይሄዳሉ። የሚተዉት እማዋይሽ ዘንድ ነው። መርከበኛው ውኃውን ይጠጣል፤ ከዚያ ስሙን በጆሮዋ ይነግራታል። እሷ መጻፍ አትችልም። ወገቧን በታጠቀችበት ገመድ ላይ አንድ ቋጠሮ ትቋጥራለች። ለአንድ ሰው አንድ ቋጠሮ። ጠዋት ጠዋት ቤተ ክርስቲያን ደጅ ቆማ ቋጠሮዎቹን እየዳሰሰች፣ «አቤቱ፣ እከሌን አስበው። አቤቱ፣ እከሌን በሰላም መልሰው» እያለች ትጸልያለች። ሲመለሱ ስማቸውን ትመልስላቸዋለች፤ ቋጠሮውንም ትፈታለች።

የእሷን ስም ግን ማንም ጠይቋት አያውቅም። «ውኃ ቀጂዋ» ይሏታል፤ አለቀ።

አንድ ዓመት ዓሣው ከዚያ ባሕር ጠፋ። አንዳርጌ መረቡን ጣለ፤ ባዶ ወጣ። ሁለተኛ ጣለ፤ ባዶ ወጣ። ሦስተኛ ጣለ፤ የሞተ ሸርጣን ይዞ ወጣ። በዚያው ሰሞን ጥቁር ሸራ ያለው መርከብ ወደቡ ላይ ደረሰ። የባሕር ወንበዴዎች ናቸው። አለቃቸው ጢሙ ደረቱ ላይ የወረደ፣ ሰው ሁሉ «ማዕበል» ብሎ የሚፈራው ሰው ነበር።

«አንቺ ውኃ!» ብሎ ጮኸባት። «ሠላሳ እንስራ ሙዪልን! ቶሎ በይ!»

«ስማችሁንስ?» አለች እማዋይሽ።

ወንበዴዎቹ ሳቁ። ቢሆንም እነሱም ባሕሩን ይፈራሉና አንድ በአንድ እየመጡ ነገሯት። በመጨረሻ አለቃው ግራ ቀኙን አየና ጎንበስ አለ።

«ማሙሽ» አላት በሹክሹክታ።

«ምን አሉኝ ጌታዬ?»

«ማሙሽ! ማሙሽ ነው ያልኩሽ! ብትስቂ አንገትሽን ነው የምልሽ።»

«ኧረ እኔ አልሳቅሁም» አለችና ቋጠረችው።

ከኋላው አንዳርጌ ቆሞ ነበር።

«እታለም፣ አብሬያቸው ልሄድ ነው።»

«አንዳርጌ! እነዚህ እኮ የሰው ገንዘብ ቀማኞች ናቸው።»

«ትናንት ምን በላን? ከትናንት ወዲያስ? ንገሪኛ።»

አንገቱን አቅፋ ሳመችው። በገመዱ ጫፍ ላይ የመጨረሻውን ቋጠሮ ቋጠረች። መርከቡም ሄደ።

አንድ ወር አለፈ፤ አልተመለሱም። ሁለት ወር አለፈ፤ አልተመለሱም። በሦስተኛው ወር የዓሣ አጥማጆቹ ጀልባና የጨው ነጋዴዎቹ መርከብም ወጥተው ቀሩ። ወደቡ ባዶ ሆነ። ሚስቶች ነጠላቸውን ዘቅዝቀው ዳርቻው ላይ ይቀመጡ ጀመር። እማዋይሽ ግን ቋጠሮዎቿን አልፈታችም። ገመዱ ከብዷት ወገቧን አቆሰላት።

በጉድጓዱ አጠገብ አንዲት ያረጀች የባሕር ኤሊ እየመጣች ትተኛ ነበር። እማዋይሽ በእፍኟ ውኃ ሰጠቻት። ኤሊዋ ጠጣችና አለቀሰች። በማግስቱም ሰጠቻት። ጠጣችና አለቀሰች። በሦስተኛው ቀን ጠጣችና ተናገረች።

«የምትጸልዪላቸው አልሞቱም» አለች። «አንሰዋል።»

«አንሰዋል ማለት?»

«በባሕሩ መካከል ባለው ጥቁር ድንጋይ ላይ ጠንቋይ አለ። ከራሱ የሚበልጥ ነገር ሲያይ ዓይኑን ያቃጥለዋል። መርከብ ሲያልፍ ‹ማን ናችሁ?› ብሎ ሦስት ጊዜ ይጠይቃል። ስማቸውን የሚጠራላቸው ሰው ካጡ መዳፉን ወደ ታች ያደርጋል። ያንሳሉ።»

እማዋይሽ ገባት። እነዚያ ሰዎች ባሕር ላይ ስም አይጠሩም። «የባሕር ነብሮች ነን!» ብለው ይሆናል የመለሱለት። ስማቸው ያለው እሷ ወገብ ላይ ነው።

«አድርሺኝ» አለቻት። እንስራዋን አዘለች፤ በኤሊዋም ጀርባ ላይ ተቀመጠች። ሦስት ቀን ሄዱ። በመንገድ ላይ ወፍ እንኳ አላዩም።

የጠንቋዩ ቤት ዝቅ ያለ ነበር። በሩ ዝቅ ያለ፣ ወንበሩ ዝቅ ያለ፣ መቅረዙም ከጉልበት የማይበልጥ። ግድግዳው ላይ ሦስት ብርሌ ተደርድሯል። በየብርሌው ውስጥ የባሕር ውኃ አለ፤ በውኃው ላይ አንድ አንድ መርከብ ይንሳፈፋል። እማዋይሽ አጮልቃ አየች። በጥቁሩ ሸራ ሥር የጤፍ ፍሬ የሚያህሉ ሰዎች ተቀምጠዋል። ከመካከላቸው አንዱ ራሱን በጉልበቱ መካከል አድርጓል። አንዳርጌ ልጅ ሆኖ ሲያዝን እንዲያ ነበር የሚቀመጠው።

ግን አልጮኸችም። ከእንስራዋ ሥር ጎንበስ እንዳለች ቆመች። ጎንበስ ስላለች የጠንቋዩን ዓይን አላቃጠለችም።

«ምንድን ነሽ አንቺ?» አላት።

«ውኃ ቀጂ ነኝ፣ ጌታዬ። ውኃዎ ሸቷል።»

ጠንቋዩ አንዱን ብርሌ አንሥቶ አሸተተና ፊቱን አጨማደደ።

«መርከቦቼ ሊበሰብሱብኝ ነው?»

«ውኃው ካልተለወጠ ይበሰብሳሉ። ብርሌውም አረንጓዴ አውጥቷል። ጠጠር ከትቶ መነቅነቅ ነው እንጂ አንገቱ ጠባብ ስለሆነ እጅ አይገባም።»

ይህን እውነት ብርሌ ያጠበ ሁሉ ያውቀዋል። ጠንቋዩ አጥቦ አያውቅም።

«በቀን አንድ ታጥቢያለሽ» አላት። «ከደጃፌ እንዳትርቂ። አይሻለሁ።»

በመጀመሪያው ቀን የዓሣ አጥማጆቹን ጀልባ ከነውኃው ወደ እንስራዋ ገለበጠች። ብርሌው ውስጥ ጠጠር ከታ ነቀነቀች፤ ጠጠሩ ቅጭልጭል ይላል። በዚያ ድምፅ ተከልላ በእንስራው አፍ አጎንብሳ፣ ቋጠሮዋን እየዳሰሰች ስማቸውን ጠራች። በየስሙ ጀልባዋ ትንቀጠቀጣለች። አንድ ስም ሲቀራት ዝም አለች። የሁሉም ስም ሳይጠራ መርከብ አያድግምና።

«ምን ታጉተመትሚያለሽ?» አላት ጠንቋዩ ከደጅ።

«ጸሎት ነው፣ ጌታዬ።»

አልዋሸችም።

በሁለተኛው ቀን የጨው ነጋዴዎቹን መርከብ እንዲሁ አደረገች። አንድ ስም አስቀረች።

በሦስተኛው ቀን የወንበዴዎቹን ገለበጠች። ማሙሽን ጠራች። ሌሎቹን ጠራች። አንድ ቋጠሮ ቀረ፤ የወንድሟ። አንዳርጌ ከታች ሆኖ ቀና ብሎ አያት። አፉን ሲከፍት ታያለች፤ ድምፁ ግን አይሰማም። አሁን ብትጠራው በዚያው ቅጽበት ያድግላታል። ግን ጠንቋዩ ያያል፤ ብርሌ ውስጥ የቀሩት ሁለቱ ለዘላለም ይቀራሉ። የእነዚያም ሚስቶች ዳርቻው ላይ ተቀምጠዋል። ወንድሟን መልሳ ብርሌው ውስጥ ጨመረችው።

«ጌታዬ» አለች፣ «ሦስቱንም ፀሐይ ላይ ላስጣቸው። ደርቀው ሲያበሩ ያምራሉ።»

«አስጫቸው» አለ።

ብርሌዎቹን ውኃው ዳር ደረደረች። ቀና አለች። እዚያ ቤት ከገባች ቀና ስትል ያን ጊዜ የመጀመሪያዋ ነበር።

«ጓንጉል!» ብላ ጠራች። የመጀመሪያው ብርሌ ተሰነጠቀ።

«ሲራክ!» ሁለተኛው ተሰነጠቀ።

«አንዳርጌ!»

ሦስተኛው ፈነዳ። ሦስት መርከቦች እንደ ተራራ ከውኃው ቆሙ። ጥላቸው ድንጋዩን በሙሉ ሸፈነው። ሰዎቹ እየዘለሉ ወረዱ።

ጠንቋዩ ዓይኖቹን በግራ እጁ ሸፍኖ እየጮኸ ወጣ። ቀኝ መዳፉን ዘረጋ።

«ማን ናችሁ?»

«እሱ ጓንጉል ነው!» «እሱ ሲራክ ነው!» «አለቃችን ማሙሽ ነው!» እርስ በርሳቸው ተጠራሩ። ባሕር ይሰማል ብሎ የፈራ የለም። መዳፉ አልሠራም።

ያኔ ጠንቋዩ ወደ እማዋይሽ ዞረ።

«ይህችስ ማን ናት?»

ሰዎቹ ተያዩ። «ውኃ ቀጂዋ ናት» አሉ።

«ሥራዋን አልጠየቅኋችሁም። ማን ናት?»

«ደግ ሴት ናት። ያዳነችን ናት።»

«ማን ናት?» አለ ሦስተኛ። አንዳርጌን እያየ።

አንዳርጌ አፉን ከፈተ። «እታለም...» አለ። «እታለም ናት።» ሌላ አልመጣለትም።

ይህን ጊዜ ረድኤት ከተቀመጠችበት ብድግ አለች። «እማዋይሽ! እማዋይሽ በሏት!» ብላ ጮኸች። ታናናሾቿም አብረው ጮኹ። እኔም ቢላዬን አስቀመጥኩ። መርከበኞቹ ግን አልሰሟቸውም።

«እንግዲያው ማንም አይደለችም» አለ ጠንቋዩ። መዳፉን ወደ ታች አደረገ። እማዋይሽ ስሟን ልትናገር ስትል ድምፅዋ ቀጠነ፣ ቀጠነ፣ ጠፋ። በቆመችበት አውራ ጣት አከለች።

የወንበዴዎቹ አለቃ ሰይፉን መዘዘ። ግን አልመታውም።

«አንተስ?» አለው። «አንተ ማን ነህ? ማን ነህ? ማን ነህ?»

ጠንቋዩ በዚያ ድንጋይ ላይ መቶ ዓመት ብቻውን ኖሯል። ጠርቶት የሚያውቅ የለም። ስሙን እሱም ረስቶታል። በራሱ ሕግ አነሰ፤ ውሻ አከለ፣ አይጥ አከለ፣ ጉንዳን አከለ። አንድ ትንሽ ሞገድ መጥቶ ወሰደው።

እማዋይሽ ግን አላደገችም። አንዳርጌ በመዳፉ ያዛት። ወደ ጆሮው አስጠጋት፤ እንደ ነፋስ ያለ ነገር ብቻ ሰማ። በየቀኑም ማነሷ አላቆመም። አገራቸው ሲደርሱ የባቄላ ያህል ሆናለች።

አንዳርጌ ወደ ጉድጓዱ ሮጠ። «የእኅቴን ስም የሚያውቅ አለ?»

«ውኃ ቀጂዋ ናት፤ ደግሞ ምን ሌላ ስም አላት?» አሉት። «ይልቅ የት ጠፍታ ነው? በጥም ልናልቅ ነው።»

ወደ ገበያ ሮጠ። የምስር ያህል ሆናለች።

«እ! ያቺ የአንዳርጌ እኅት?» አሉት።

«አንዳርጌ እኮ እኔ ነኝ!» ብሎ አለቀሰ።

ወደ ቤተ ክርስቲያን ሮጠ። የጤፍ ፍሬ ያህል ሆናለች። ሽማግሌው ቄስ መስቀላቸውን አሳለሙት፤ ራሳቸውንም ነቀነቁ።

«ልጄ፣ የመቶ ሰው ስም ለጸሎት አምጥታልኛለች። የራሷን አምጥታ አታውቅም። እኔም አልጠየቅኋት። እግዚአብሔር ያውቃታል፤ እኔ ግን...» አሉና ፊታቸውን በነጠላቸው ሸፈኑ።

አንዳርጌ መዳፉን አየ። ምንም አይታየውም። መኖሯንም አላወቀም። ቢሆንም መዳፉን አልዘረጋም፤ ጨብጦ እንደያዘ ከመንደሩ ጫፍ ወጣ። እዚያ ከአልጋ የማይነሡ፣ ዓይናቸው የጠፋ፣ እማማ በለጡ የሚባሉ አሮጊት ነበሩ። የእናቱ ጎረቤት ነበሩ ይባላል። ማንም አይጠይቃቸውም።

«ማነህ?» አሉ።

«አንዳርጌ ነኝ፣ እማማ።»

«የትኛው አንዳርጌ?»

«እኅቴ ያሳደገችኝ። የጉድጓዱ።»

«ወይ ጉድ! ያ እማዋይሽ ጀርባ ላይ ሽንቱን የሚለቅባት? እናትህ በሩ ላይ ቆማ ‹እማዋይሽ! ልጁን አውርጂና እረፊ!› ስትላት እስካሁን በጆሮዬ ነው። አላወርድም ትላት ነበር፤ ልጅ ሆና እንኳ...»

አሮጊቷ ወሬያቸውን አልጨረሱም። የአንዳርጌ መዳፍ ከበደ። ጣቶቹ ተፈለቀቁ። ተንበርክኮ፣ «እማዋይሽ!» አለ። «እማዋይሽ! እታለም እማዋይሽ!» በጠራት ቁጥር አደገች። በመጨረሻ በቁመቷ ከፊቱ ቆመች።

ድምፅዋ ግን አልተመለሰም። እንደ ትንኝ ቀጥኖ ቀረ። ከዚያ በኋላ እማዋይሽ የምትለውን መስማት የሚፈልግ ሁሉ፣ ነጋዴም ይሁን ሹም፣ ጎንበስ ብሎ ጆሮውን ማስጠጋት ነበረበት። ማሙሽም ጢሙን ሰብስቦ ይጎነበስ ነበር። ስርቆቱን ይተው አይተው አላውቅም። ውኃ ሲጠይቅ ግን «እትዬ እማዋይሽ» ይል ነበር። እማማ በለጡም በዚያው ሳምንት ዐረፉ። ስማቸውን ለጸሎት ቤተ ክርስቲያን የወሰደችው እማዋይሽ ናት።

«ልጆቼ» አልኳቸው፣ «ከዚህ የምንማረው ይህን ነው። ሰው ካልጠሩት ያንሳል። ውኃ ያጠጣችሁን፣ ያሳደጋችሁን፣ የሚደክምላችሁን ሰው ማን እንደሆነ ሳትጠይቁ አትለፉ። ተረቴን ከወደቡ አድርሻለሁ፤ ለእኔ አፍ ጨው፣ ለእናንተ ዕድሜ።»

«ዕድሜ ይስጥሽ» አሉኝ። ራታችንን በላን።

በማግስቱ ጠዋት ልብስ የምታጥብልን ሴት መጣች። «የእንዳለ እናት» ነው የምንላት። አራት ዓመት ሙሉ ስትመጣ ያልኳት እሱን ነው። ውጭ ወጥቼ ከሳፋው አጠገብ ቆምኩ።

«ስምሽን ማን ልበል?» አልኳት።

አረፋ የያዘ እጇን አንሥታ አየችኝ። ያጠፋችው ነገር ያለ መስሏት ደነገጠች።

«ምን ሊያደርግልሽ?»

«ልጠራሽ።»

«ዘርትሁን» አለች፣ ዝቅ ባለ ድምፅ።

ብርድ ልብሱ ውኃ ጠጥቶ ከብዷት ነበር። እጅጌዬን ሰበሰብኩና አንዱን ጫፍ ያዝኩ። «ዘርትሁን፣ በዚያ በኩል ያዢ» አልኳት። እሷ በቀኝ፣ እኔ በግራ እየጠመዘዝን ጨመቅነው።